የጥምቀት እጣቢ

ፊቴን የታጠብኩበትን ውሃ ደፍቼ አላውቅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሳፋዬን ይዤ ከግቢያችን እወጣና መንገዱ ዳር ካለችው ወይራ ሥር አፈሰዋለሁ። መቐለ ሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ጥላዋ ሥር ቆሞ ባጃጅ ጠብቋል። ማን እንዳሳደጋት የጠየቀኝ ግን የለም። ሰፈሩ «ሓዱሽ የዛፍ ፊት ያጥባል» እያለ ሲስቅብኝ ነው የኖረው። በከበባው ጊዜ፣ ማገዶ በጠፋበት፣ ሦስት ጎረቤቶቼ መጥረቢያ ይዘው መጡባት። ግንዷን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እስኪደክማቸው ሰደቡኝና ሄዱ። ዛሬ ሦስቱም ከሥሯ ተቀምጠው ያወራሉ፤ እኔ ሳልፍ ወሬያቸውን እንኳ አያቋርጡም።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዐማርኛውን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከሚስቴ ከዓለምእሸት አገኘሁት። የወሎ ልጅ ናት፤ ቤታችን የሚወራው በእሷ ቋንቋ ነው። የዛፍን ነገር ግን የተማርኩት በጉልበቴ ነው። ድሮ ከከተማው ዳር አንድ ችግኝ ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ዘጠኝ ዓመት እዚያ አፈር ነፋሁ፣ ፕላስቲክ ሞላሁ፣ አረምኩ፣ አጠጣሁ። አንድ ቀን የጣቢያው ባለሙያ ቴድሮስ ዕቃዎቹን በበረኪና ዘፍዝፎ አጠበና «ውሃው አይባክን፤ ወይራው መደብ ላይ ድፋው» አለኝ። ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ።

«ይሄ አይጎዳውም?» አልኩት።

«አንተ ውሃ ተሸከም፣ ማሰቡን ለእኛ ተወው» አለ።

ደፋሁት። በአምስተኛው ቀን የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ። በሁለት ሳምንት አራት መቶ ችግኝ አለቀ። አጣሪ ሲመጣ ቴድሮስ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ «ያልተማረ ሰው ስታሠራ እንዲህ ነው» አላቸው። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። እስካሁን በረኪና ሲሸተኝ ያ ንግግር ነው የሚሸተኝ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ኣባዲ በየበሩ እየዞረ ለስብሰባ ጠራን። ኣባዲ የሰፈራችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ወንበር በተደረደረበት ሁሉ ከፊት የሚገኝ ሰው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያንሰኛል፣ አንተ ይለኛል። ከአንድ ማኅበር የተላከ አሠልጣኝ መጥቷል፣ ችግኝም ይታደላል አለን። ሄድን። ቆርቆሮ ጣራ ያለው አዳራሽ ነው፤ ባነር ሰቅለዋል፤ «ትናንሽ እርምጃዎች ለተሻለች ምድር» ይላል።

አሠልጣኙ ልዑልሰገድ ይባላል። ከጎንደር በኩል የመጣ፣ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ቀጭን ልጅ ነው። በዐማርኛ ይናገራል፣ ኣባዲ ወደ ትግርኛ ይመልሳል። ሲመልስ ግማሹን ይውጠዋል፣ በግማሹ ላይ የራሱን ይጨምራል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሁለቱንም እሰማለሁ።

«ምድርን ለማዳን ሚኒስትር መሆን አያስፈልግም» አለ ልጁ። «ከየቤታችን የሚወጣ አንድ ሳፋ ውሃ በቂ ነው። ከተማችሁ ውሃ እንዴት እንደምታገኝ ታውቃላችሁ፤ ዓይናለም ካሉት ጉድጓዶች ተስቦ፣ በስንት ቀን አንዴ። እሱን አንዴ ተጠቅመን ቦይ ውስጥ ስንደፋው ያሳዝነኛል። የልብስ እጣቢያችሁን ለአንድ ችግኝ ስጡት። በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ። ዛሬ የምትደፉት ውሃ ነገ የልጆቻችሁ ጥላ ነው።»

ውሸት አልጽፍም፣ ልቤ ሞቀ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያስቅብኝ የኖረውን ነገር ሰው በማይክ ሲያከብረው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ለካ ሥራ ኖሯል የሠራሁት፣ አልኩ። እዚያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁሉም እጣቢ አንድ አይደለም። ሳሙናውን ወይራ ይችለዋል፣ በረኪናውን አይችልም። ይህ ልጅ ይህን አልተናገረም። ተነሥቼ እጄን አወጣሁ።

ኣባዲ በማይኩ ውስጥ፣ በትግርኛ፣ «ኣያ ሓዱሽ፣ እጅህን አውርድ። ይሄ ስልጠና ነው እንጂ የዛፍ ፊት ማጠቢያ አይደለም» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ቆሜ ቀረሁ። ልዑልሰገድ ትግርኛው አልገባውም፤ ሰው ሲስቅ አይቶ እሱም ወደ እኔ ፈገግ አለ። የኣባዲን ለምጄዋለሁ። ያቺን ፈገግታ ግን ይዤያት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ በመንገዱ ዳር ሠላሳ ሁለት የወይራ ችግኝ ተተከለ። በየአንዳንዱ ሥር የተካዩ ስም ያለበት ቆርቆሮ ቆመ። በየግቢያችን በር ላይም «የልብስ እጣቢ አይደፋም፣ ለችግኝ ይውላል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እኔ ችግኝ አልወሰድኩም። ውሰድ ያለኝም የለም።

ከእኛ ግቢ የወሰደችው ወይኒ ናት። በአንዲት ክፍል የምትኖር ተከራይ ናት፤ ከሑመራ በኩል ተፈናቅላ የመጣች። የሰሊጥ ማሳ የነበራት ሴት አሁን የሰው ልብስ ታጥባለች። ክፍሏ ከበሩ አጠገብ ስለሆነ ሥሩ የምትተኛበት መስኮት በቀጥታ መንገዱን ያያል። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እሷ እጣቢ ያለው ሰው አልነበረም፣ እንደ እሷም ቃሉን የያዘ አልነበረም። ዝናቡ መስከረም ላይ ከቆመ ጀምሮ አንድ ቀን አላጎደለችም። ዙሪያውን እሾህ አጠረች። ፍየል ካየች ድንጋይ ይዛ ነው የምትሮጠው።

«ምነው ይህን ያህል?» አላት አንዱ ሥራ ፈት። «ልታገቢው ነው?»

«ባል ይሄዳል» አለችው። «እሱ የትም አይሄድም።»

ለዓለምእሸት ደግሞ በሌላ ቀን እንዲህ ስትላት ሰማሁ። «ኣደይ፣ የቤቱ ባለቤት ነገ ውጪ ቢለኝ እወጣለሁ። ያ ቆርቆሮ ላይ ግን ስሜ አለ። በዚህ ከተማ ስሜ የተጻፈበት ሌላ ነገር የለኝም።»

ታኅሣሥ ላይ የችግኙ ቁመት ከጉልበቷ አልፎ ነበር። ሳልፍ በዐይኔ እለካዋለሁ።

ጥር ስድስት ቀን፣ ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ውሃ መጣ። ጥምቀት ደርሷል። መቐለ ውስጥ በዚያ ሰሞን ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሐበሻ ቀሚሱ፣ የዲያቆኑ ልብስ ሳይቀር ከየሻንጣው ይወጣል። ታቦት በቢጫ ነጠላ አይሸኝም፤ ነጭ ሲባል ዐይን የሚወጋ ነጭ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ በየሳፋው በረኪና ይገባል። የሰፈሩ ነጠላ ግማሹ ደግሞ የሚታጠበው በወይኒ እጅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግቢያችን ሸተተ። እኔ ራሴን አመመኝ።

ከሰዓት በኋላ ልወጣ ስል ወይኒ ከሳፋዋ ላይ ቀና አለች። እጇ ክርኗ ድረስ ነጭ ሆኗል።

«ኣቦይ ሓዱሽ፣ ይሄ በረኪና የገባበትም ለዛፉ ይሆናል?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ከቃሏ በፊት አዳራሹ መጣብኝ፣ ሳቁ መጣብኝ፣ ከእሱም ኋላ ቴድሮስ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ። አሁን ነው እንዴ የምጠየቀው፣ አልኩ። በማይክ ዝም አስብለውኝ፣ በሳፋ ሊጠይቁኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አልኳት። «እኔ አልሠለጠንኩ። በርሽ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ።»

«እጣቢ ነው የሚለው። የምኑን አልለየም።»

«እንግዲያው እንዳለሽ አድርጊ።»

ጥቂት አየችኝና «ሓቂ፣ እውነትዎን ነው፣ እነሱ ያውቃሉ» ብላ ሳፋውን አነሣች።

መውጣቱን ትቼ ወደ ቤት ስመለስ ዓለምእሸት ክር እየፈተለች ነበር። ቀና አላለችም።

«ሰምቼሃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አንተ ሰውዬ፣ የአራት መቶውን ችግኝ ለቅሶ ሃያ ዓመት ጆሮዬ ላይ ስታለቅስ ኖረህ፣ ለዚች ልጅ አንዲት ቃል ከበደችህ?»

«ልናገር ስነሣ ቁጭ በል ብለውኛል።»

«እሷ ናት ያለችህ?»

«እሷም ስቃለች።»

«አልሳቀችም። አጠገቧ ነበርኩ።» እንዝርቷን አስቀመጠች። «ሂድና ንገራት። ሳትደፋው ድረስባት።»

ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ነው የወጣሁት። ወይኒ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብላ ታፈሳለች። ውሃው ብዙ ስለሆነባት የራሷን አጠጥታ ወደ ጎረቤቶቿ ችግኝ አልፋለች፤ ሌሎች ሴቶችም ሳፋ ሳፋቸውን ይዘው ተከትለዋታል። ኣባዲ መሐል ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። እኔን ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እንዲህ ነው ለሰፈር ማሰብ። አንዳንዱ ለራሱ ዛፍ ብቻ ነው የሚያጠጣው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወይኒ ቀና ብላ አየችኝ። መንገር የምችለው ያን ጊዜ ነበር። ዞር ብዬ ገባሁ።

«ነገርካት?» አለችኝ ሚስቴ።

«ነገርኳት» አልኩ።

ዓለምእሸት ክሯን ቀጠለች። አመነችኝ። አራት ቀን፣ እስከ ከተራ ድረስ፣ ያ ሽታ ከግቢያችን አልወጣም፤ ሳፋውም ከመንገዱ ዳር አልቀረም። ውሃው ከሄደም በኋላ በየበርሜሉ የተጠራቀመው እጣቢ ቀስ እያለ እዚያው ተደፋ።

ጥምቀት በነጭ ልብስ አለፈ። በሳምንቱ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ። እኔ ቀኑን ቆጥሬ ነበር የምጠብቀው፤ አልተሳሳትኩም። ጥር ሳያልቅ ከሠላሳ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ደረቀ። ወይኒ ግራ ገባት። ችግኙ የጠማው መስሏት ከዚያው እጣቢ እጥፍ አጠጣችው። አፈሩን ኮተኮተች፣ እሾሁን አንሥታ መልሳ አጠረች፣ ከመንገድ ማዶ የበግ ፍግ ለምና አመጣች። አንድ ጠዋት እኛ በር ላይ ቆማ ለዓለምእሸት «እጄ ነው፣ ኣደይ። እኔ የነካሁት ነገር አይበረክትም። ድሮም እንዲህ ነኝ» አለቻት።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነ?»

«ከጥምቀት።»

ሚስቴ ዞራ አየችኝ። አልጮኸችም። ምሳዬን አቀረበችልኝ፣ ራሷ ግን ጓዳ ገብታ በላች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው የምንበላው።

የካቲት ላይ ልዑልሰገድ ተመልሶ መጣ። አዳራሹ ተቆልፎ ስለነበር ስብሰባው ጥላ ያለበት ቦታ ተፈለገለት። ጥላ ያለበት ቦታ ደግሞ አንድ ነው፤ የእኔ ወይራ ሥር። ሁሉም ግንዷ ዙሪያ ተቀመጠ። በመንገዱ ዳር ሠላሳ አንድ ደረቅ እንጨት ከነቆርቆሮው ቆሟል። ከቦዩ ማዶ፣ ከሁሉም ርቃ፣ አንዲት ችግኝ አረንጓዴ ናት። የኣባዲ ናት። ከተከላት ቀን ጀምሮ ጠብታ ውሃ አላፈሰሰላትም፣ ርቃ ስለነበርም የማንም ሳፋ አልደረሳትም። ወይራ የዋዛ ዛፍ አይደለም፤ የነሐሴው ዝናብ በቃት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ልዑልሰገድ። ፊቱ ገርጥቷል። ከልቡ እንዳዘነ ያስታውቅ ነበር።

ኣባዲ ተነሣ። «ሰው ፎቶ ሲነሣ ብቻ ነው የሚያጠጣው። የእኔን ተመልከት። ሥራው ክትትል ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ እንግዳ ነው፣ የሰፈሩን ንብረት እንደ ራሱ አያይም። የሌላውን ሰው ችግኝ ሳይቀር እየዞረ ሲነካካ የነበረ ሰው አለ፤ ስም አልጠራም።» ሰው ሁሉ ወደ ወይኒ ዞረ። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ልዑልሰገድ ወደ ላይ ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየ። «ይሄስ? ይህን ማን ነው ያሳደገው?»

እነዚያ ሦስቱ ባለ መጥረቢያዎች እንኳ ስሜን አልጠሩም። የመለሰችው ወይኒ ናት፤ በተሰባበረ ዐማርኛ። «ኣቦይ ሓዱሽ ናቸው። የዛፍ ነገር ያውቃሉ። እሳቸውን ጠይቁ።»

«አባቴ፣ እባክዎን» አለኝ ልጁ፤ ከወንበሩም ተነሣልኝ።

ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ይህ ነበር። ተነሥቼ፣ ያለ ኣባዲ፣ በገዛ ዐማርኛዬ ነገርኩት። በረኪና ሥሩን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ በስንተኛው ቀን ቅጠሉ ላይ እንደሚታይ፣ እጥፍ ሲያጠጡት እንዴት እንደሚብስ፣ የኣባዲ ዛፍ ለምን እንደተረፈች። ቃል በቃል ጻፈው። «ወረቀቱን ከመለጠፌ በፊት ይህን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የማንም እጅ አይደለም።» ሰው አጨበጨበ። ኣባዲም አጨበጨበ፣ በሁለት ጣት ቢሆንም። ወይኒ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ከጥር ወዲህ ፊቷ እንዲያ ሲፈታ አላየሁም ነበር። የእሷ እጅ አልነበረም።

ደስ ብሎኝ ነበር። አልደብቅም።

ከዚያ ፊቷ መልሶ ቀስ እያለ ተዘጋ። እያሰበች እንደሆነ አየሁ። በትግርኛ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ኣቦይ ሓዱሽ፣ ይህን መቼ ነው ያወቁት?»

«ድሮ» አልኩ። «ችግኝ ጣቢያ እያለሁ።»

«ሳፋውን ይዤ ስጠይቅዎም ያውቁ ነበር።»

ጥያቄ አልነበረም። ጭብጨባው ቆሟል። ትግርኛ የሚያውቀው ሁሉ እያዳመጠ ነው።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«እኔ እኮ በወረቀቱ አልነበረም የጀመርኩት» አለች። «መጀመሪያ ወደዚህ የመጣሁ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ጎህ ሲቀድ እርስዎ ሳፋውን ይዘው ሲያልፉ በመስኮት አይዎታለሁ። ይህ ሰው ሁሌ ይወጣል፣ ነገም ይወጣል፣ እላለሁ። ይህ አሠልጣኝ ችግኝ አለ ሲል እጄን ያወጣሁት ለዚያ ነው።» የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀችው። «ለእርስዎ ብዬ ነው ያጠጣሁት ለማለት አይደለም። እንዲያው ይወቁት ብዬ ነው።»

ተነሥታ ሄደች። ደረቁ እንጨት ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ስሟ ያለበትን ቆርቆሮ ነቀለችና በብብቷ ይዛ ገባች።

ልዑልሰገድ ትግርኛው አልገባውም። ፈገግ ብሎ ሊያመሰግነኝ እጁን ዘረጋ፤ ጨበጥኩት።

አሁን ሚያዝያ ነው። ማኅበሩ ሰርተፍኬት ላከልኝ፣ ከነፍሬሙ። ስሜን በትክክል ጽፈውታል፤ «ላበረከቱት እውቀት» ይላል። ዓለምእሸት የጓዳውን በርሜል ከድናበታለች፣ ልኩ ሆነላት። የኣባዲ ችግኝ ጎን ኣባዲ ቆሞ የተነሣው ፎቶ ደግሞ ኮሚቴው ቢሮ ተሰቅሏል። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው አልልም፤ ዛሬም አልልም። ያን ቀን እጄን ሳወጣ አንድ ሰው «ተናገር» ቢለኝ ኖሮ ሠላሳ አንድ ዛፍ በኖረ። ይህን ለሚስቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች፣ ክሯን ትፈትላለች።

ወይኒ ሰላምታ አልከለከለችኝም። «ከመይ ሓዲርኩም»፣ እንዴት አደሩ፣ ትለኛለች፣ ለሽማግሌ እንደሚገባው፣ ቆም ብላ። ከዚያ እጣቢዋን ቦዩ ውስጥ ደፍታ ትመለሳለች።

እኔ የፊቴን ውሃ አሁን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹን ለወይራዬ፣ ግማሹን ለወይኒ ደረቅ እንጨት። ወይራ አንዳንዴ ላዩ ሞቶ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ጣቢያው ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በየሳምንቱ ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ከውስጥ አረንጓዴ እንዳለው አያለሁ። እስካሁን ቡናማ ነው። ካቆጠቆጠ ለወይኒ ልነግራት አስባለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም። ጠዋት ሳፋዬን ይዤ ሳልፍ ወደ መስኮቷ እመለከታለሁ። መጋረጃ ሰቅላበታለች።